የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በፕላስቲክ ጊታር የሚቋቋም የቤት ውስጥ ባንድ

በዚህ እትም የሚስተናገዱት ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ጊታር፣ ድራምና ማይክራፎን የሚመስሉ መቆጣጠሪያዎችን ይዘው፣ በቴሌቪዥን ላይ የሚወርዱትን ምልክቶች ተከትለው፣ ሦስት ወይም አራት ሆነው እንደ ባንድ የሚጫወቷቸው የሙዚቃ ጨዋታዎች አንባቢዎቻችንን በብዙ መልኩ አነጋግረዋቸዋል። ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸውን ደብዳቤዎች በአንድነት አጠቃለን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ «የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ልጆቿ አድገው የተዉትን የሙዚቃ ጨዋታ ከፕሌይስቴሽን 3 ጋር ላከችልን። ባለ አምስት ቁልፍ የፕላስቲክ ጊታር፣ ባለ አራት ገበታ ድራምና ማይክራፎን አለው። ሦስቱ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ‘ባንዱ ተሰብሰብ’ ተባብለው ይጀምራሉ። እኔ በወጣትነቴ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወት ስለነበር ነገሩ ግራ አጋብቶኛል። ይህ ጨዋታ ሙዚቃ ያስተምራቸዋል ወይስ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው?» (የሦስት ልጆች አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥያቄዎ አዲስ አይደለም፤ ጨዋታዎቹ ከተፈጠሩ ጀምሮ ሙዚቀኞችም ወላጆችም ሲጠይቁት ኖረዋል። በምት የሚመሩ የሙዚቃ ጨዋታዎችን በስፋት ያስለመዱት ጃፓኖች ናቸው። ኮናሚ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ቢትማኒያን፣ ጥቂት ቆይቶም የጊታርና የድራም ቅርጽ ያላቸውን ማሽኖች በጨዋታ ቤቶች ውስጥ አቁሞ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተገናኙት አሌክስ ሪጎፑሎስና ኤራን ኢጎዚ በ1995 ሃርሞኒክስ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ዓላማቸው መሣሪያ ለመማር ዕድል ያላገኘ ሰው ሙዚቃ መጫወት የሚሰጠውን ደስታ እንዲቀምስ ማድረግ ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ2005 ጊታር ሂሮን ለፕሌይስቴሽን 2 ሠሩ። በኅዳር ወር 2007 ደግሞ ጊታርን፣ ቤዝን፣ ድራምንና ድምፃዊን በአንድ መድረክ የሚያሰባስበውን ሮክ ባንድን አወጡ። ሦስት መሣሪያ በአንድ ሣጥን መምጣቱን ስናይ፣ እህትዎ የላኩልዎት ከዚህኛው ቤተሰብ የሆነ ጨዋታ ይመስለናል።

ልጆቹ የሚማሩት ነገር በያዙት መሣሪያ ይለያያል። ማይክራፎኑን የያዘው ልጅ በእውነት ይዘፍናል። ጨዋታው የሚለካው የድምፁን ቃና ሲሆን፣ ልጁ ከዜማው ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ሆኖ ወዲያውኑ ያሳየዋል። ዜማው በወንድ ወፍራም ድምፅ የተዘፈነ ቢሆንም ልጅ በራሱ ቀጭን ድምፅ አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ በቀጭን ተደግሞ የሚገኝበት ርቀት) ከፍ አድርጎ ቢዘፍነው ጨዋታው ትክክል ነው ብሎ ይቀበለዋል። በአብዛኛው ቃሉን የሚያጣራበት መንገድም ስለሌለው፣ የእንግሊዝኛውን ግጥም ያላወቀ ልጅ ዜማውን እያንጎራጎረ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ድምፁን ከዜማው ጋር የማዛመድ ችግር ላለበት ልጅ እንዲህ ያለ ታጋሽ መምህር በቀላሉ አይገኝም።

ድራሙም ለእውነተኛው የቀረበ ነው። ቀዩ ገበታ በአብዛኛው የስኔሩን (የትንሹን ድራም)፣ ቢጫው የሃይ ሃቱን (በፔዳል የሚከፈትና የሚዘጋውን ጥንድ የብረት ሳህን)፣ ፔዳሉ የትልቁን ድራም ቦታ ይይዛሉ። በከፍተኛው የክብደት ደረጃ ላይ በስክሪኑ የሚወርዱት ምልክቶች ቀረጻው ላይ ድራመሩ ከመታው ጋር እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ በዚያ ደረጃ የሚጫወት ልጅ ሁለት እጁንና እግሩን ነጻ አድርጎ ማንቀሳቀስን ተምሯል ማለት ይቻላል። የሚጎድለው የአመታት ኃይልን መመጠን፣ የሃይ ሃቱን ፔዳል መቆጣጠርና ዱላውን አያያዝ ነው፤ እነዚህን በእውነተኛ ድራም ላይ ከሚያውቅ ሰው መማር ይኖርበታል።

ጊታሩ ከሁሉም ይልቅ ከእውነተኛው የራቀ ነው። ቀኝ እጅ መምቻውን ወደ ታችና ወደ ላይ ሲመታ ምትን ስለሚከፋፍል ጠቃሚ ልምምድ ያገኛል። ግራ እጅ ግን አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቁልፎችን ብቻ ስለሚያውቅ፣ ስድስት ክርና ከሃያ በላይ መደብ ባለው አንገት ላይ የሚጠብቀውን ሥራ ከዚህ ሊማር አይችልም። ሠሪዎቹም ይህን ስላወቁ በ2010 በወጣው ሦስተኛው ሮክ ባንድ ውስጥ ኪቦርድና እውነተኛ የጣት አቀማመጥ የሚጠይቅ የባለሙያ ደረጃ ጨመሩ። በ2011 ዩቢሶፍት ያወጣው ሮክስሚዝ ደግሞ ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ጊታር በገመድ ከማሽኑ ጋር አገናኝቶ ያስተምራል። ከልጆችዎ አንዱ ጊታር ተጫዋች መሆን እንደሚፈልግ ካስተዋሉ ወደዚህኛው እንዲያዘነብል ቢያደርጉት መልካም ነው፤ ሮክስሚዝ ለፕሌይስቴሽን 3 ወጥቷል፣ ቤዝ ለመለማመድም ያገለግላል።

ይህ ሁሉ ግን የጥያቄዎ ግማሽ ብቻ ይመስለናል። የቤት ውስጥ ባንድ ትልቁ ጥቅም ያለው፣ ልጆቹ በተናጠል ከሚማሩት ይልቅ በአንድነት ሲጫወቱ በመካከላቸው በሚፈጠረው ነገር ላይ ነው። በሮክ ባንድ ውስጥ አንድ ተጫዋች በተደጋጋሚ ከሳተ ከጨዋታው ይወጣል፤ ካልዳነ ባንዱ በሙሉ ይወድቃል። ሊያድነው የሚችለው በትክክል በመጫወት ኦቨርድራይቭ የተባለውን ኃይል ያጠራቀመ ሌላ አባል ነው፤ እርሱም ያንን ኃይል ለራሱ ነጥብ ሊያውለው ሲችል ለወንድሙ ያወጣዋል። የሚዳንበት ዕድል የተወሰነ ስለሆነ፣ ያ አባል መቼ እንደሚያድነው ማሰብ አለበት፤ የወደቀውም ልጅ ሲመለስ ከባዱን ክፍል እንዴት እንደሚያልፈው ያስባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲጫወቱት የተዘጋጀ ሐረግ ሲመጣ አንዱ ከሳተ ተጨማሪው ሽልማት ለማንም አይደርስም። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የታናሽ እህቱን መስመር በዐይኑ እየተከታተለ «አይዞሽ፣ ደርሼልሻለሁ» ሲላት፣ እርስዎ በኪነት ቡድኑ ውስጥ ከጓደኞችዎ ጋር የተማሩትን ነገር እየተማረ ነው። ሙዚቃን በቡድን የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የራስን ክፍል አጥርቶ መጫወት እየቻሉ ሌላውን አለመስማት ባንድን ያፈርሳል፤ ይህ ጨዋታ ያንን ጉዳይ ልጆች በሚገባቸው መንገድ ያሳያል።

ስለዚህ የምንመክርዎ ከመከልከል ይልቅ ገብተው እንዲጫወቱ ነው። ሁለተኛ ጊታር ቢያገኙ ቤዙን እርስዎ ይያዙ። ልጆቹ መሣሪያቸውን በየተራ እንዲቀያየሩ ያድርጉ፤ ሁልጊዜ የሚዘፍነው ልጅ ድራም ላይ ሲቀመጥ ድራመሩ ለምን እንደሚቸኩል ወይም እንደሚዘገይ ይገባዋል። የከበደውን ክፍል በልምምድ ገጹ ውስጥ ፍጥነቱን ቀንሰው ደጋግመው ይሥሩት። አልፎ አልፎም አንዱን ልጅ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ምቱን በጭብጨባ ብቻ እንዲጠብቅ ይጠይቁት። ዐይን የሚመራው ጨዋታ ጆሮን ማስነፍ ስለሚችል፣ ይህ ልምምድ ለሙዚቃ ትልቅ ዋጋ አለው። ቤትዎ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የድራሙ ፔዳል ወለሉን ሲመታ ከታች ያለውን ጎረቤት እንደሚረብሽ አይርሱ፤ ወፈር ያለ ምንጣፍ ከሥሩ ማንጠፍ ይበቃል።

ጥያቄ፦ «በአሮጌው ወፍራም ቴሌቪዥን እየተጫወትን ጥሩ ነጥብ እናገኝ ነበር። አዲስ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከገዛን ወዲህ ግን ከምቱ ጋር እኩል እየመታን ጨዋታው ‘ስታችኋል’ ይለናል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» (ወንድማማቾች፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መሣሪያችሁ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። አሮጌው ቴሌቪዥን የደረሰውን ምስል ሳይዘገይ ያሳይ ነበር። ጠፍጣፋዎቹ ግን ምስሉን ለማሳመር እየፈተሹና እያስተካከሉ ስለሚያሳዩት፣ ከማሽኑ በወጣበትና በዐይናችሁ ፊት በሚታይበት ጊዜ መካከል ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም ለውጥ የለውም። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ግን «ትክክል» ተብሎ የሚቆጠረው ምት ከትክክለኛው ቅጽበት በፊትና በኋላ አንድ አሥረኛ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ክፍተት ውስጥ መግባት ስላለበት፣ የቴሌቪዥኑ መዘግየት ብቻውን ጥሩ ተጫዋችን ሊያስት ይችላል።

መፍትሔው በሁለት በኩል ነው። በመጀመሪያ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ለጨዋታ የተዘጋጀውን ሁኔታ፣ በብዙዎቹ ላይ ጌም ሞድ የሚባለውን፣ አብሩት፤ አብዛኛውን የምስል ማሳመሪያ ስለሚያጠፋ መዘግየቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ቀጥሎ በራሱ በጨዋታው ውስጥ ያለውን የማመሳሰያ ገጽ ክፈቱ። የድምፁንና የምስሉን መዘግየት ለየብቻ ስለሚለካ፣ በምስሉ ክፍል ድምፁን ዘግታችሁ በዐይናችሁ፣ በድምፁ ክፍል ደግሞ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በጆሯችሁ ብቻ ምቱን ተከተሉ። ከሁላችሁም ምቱን በተሻለ የሚጠብቀው ቢያደርገው ይመረጣል፤ የሚቸኩል ሰው የመዘነው ማሽን የሁሉንም ጨዋታ ያዛባል።

ድምፁን በብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ወይም ማዳመጫ የምትሰሙ ከሆነ በገመድ ወደሚገናኝ ለውጡት። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ስለሚልክ የሚጨምረው መዘግየት ከቴሌቪዥኑ ሊብስ ይችላል፤ ማመሳሰያው ቢያካክሰው እንኳ የመታችሁትን የድራም ገበታ ድምፅ ዘግይቶ መስማት እጅን ያደናግራል። በክፍሉ ውስጥ ራቅ ብሎ ስለመቀመጥ ግን አትጨነቁ፤ ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር የሚሄደው በ3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ «እኔ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለት ወንድሞቼ ደግሞ በአዲስ አበባ እንኖራለን። ልጆች ሆነን አብረን እንዘፍን ስለነበር፣ ባሕር ማዶና አገር ቤት ሆነን በእነዚህ ጨዋታዎች አንድ ባንድ ልንሆን እንችላለን ወይ? በቪዲዮ ጥሪ አብረን ለመዝፈን ስንሞክር ድምፃችን አልገጥም ብሎ አስለቅሶናል።» (እህታቸው፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህታችን፣ በቪዲዮ ጥሪ ያልሆነላችሁ ነገር በዚህ መንገድ ይሆናል፤ ምክንያቱንም ማወቅዎ ተስፋ ይሰጥዎታል ብለን እናምናለን።

ለእርስዎ ከተማ ከምትቀርበው ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ መረጃው ያለ ምንም መቆም ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ55 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ገመዶቹ በባሕር ዙሪያ ጥምጥም ስለሚሄዱና መረጃው በየጣቢያው ስለሚያልፍ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ሙዚቀኞች ሳይቸገሩ አብረው የሚጫወቱት በመካከላቸው ያለው መዘግየት ከ25 ወይም ከ30 ሚሊ ሰከንድ ሳያልፍ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን እርስዎ ወንድሞችዎን ይጠብቃሉ፣ እነርሱም እርስዎን ይጠብቃሉ፣ ዜማው እየተጎተተ ሄዶ ይቆማል። ጥፋቱ የማናችሁም አልነበረም፤ የርቀቱ ነው።

የሙዚቃ ጨዋታዎች ይህን የሚያልፉት ዜማው አስቀድሞ የተቀዳ በመሆኑ ነው። ሁላችሁም ቤት ውስጥ ተመሳሳዩ ቀረጻ አለ፤ ማሽኖቹ የሚስማሙት ሁሉም በሚጀምርበት ቅጽበት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቤት ካለው ቀረጻ ጋር ይጫወታል፣ ማሽኑም እዚያው ይመዝነዋል፤ በኢንተርኔት የሚጓዘው «ይህን ምት አግኝታለች፣ ያንን ስታለች» የሚለው መልእክት ነው። መልእክቱ ሩብ ሰከንድ ዘግይቶ ቢደርስ የወንድምዎ ነጥብ ጥቂት ዘግይቶ ከመታየቱ በቀር ምቱን የሚያዛባ ነገር አይኖርም። የሚያጡት ነገር ቢኖር በዚያው ቅጽበት አንዳችሁ ለሌላችሁ ዜማውን ቀይራችሁ መመለስን፣ ማለትም በእውነተኛ መድረክ ላይ የሚደረገውን መቀባበል ነው። በአንድ ምት ላይ ቆሞ አብሮ መሮጥን ግን ሙሉ በሙሉ ያገኛሉ።

ዛሬ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ፎርትናይት በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ የሚገኘው የሙዚቃ ጨዋታ፣ ፎርትናይት ፌስቲቫል ነው። ሃርሞኒክስን የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በኅዳር ወር 2021 ከገዛው በኋላ ያው ቡድን ሠርቶ በታኅሣሥ 2023 ያወጣው ነው። ለመጀመር ክፍያ አይጠይቅም፣ እስከ አራት ሰው ድረስ በአንድ ባንድ ያጫውታል፤ እርስዎ በፕሌይስቴሽን ወንድሞችዎ በኮምፒውተር ቢሆኑም ይገናኛሉ። የፕላስቲክ ጊታር ከሌለ በመደበኛው ጆይስቲክ ወይም በኪቦርድ ይጫወቱታል። ወንድሞችዎ ለማውረድ ብዙ ጊጋባይት እንደሚፈጅባቸው አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሌሊት ላይ ቢያወርዱት ይመረጣል። ለጨዋታው ራሱ የሚያስፈልገው መረጃ ግን ከቪዲዮ ጥሪ እጅግ ያነሰ ነው። ስትጫወቱ በጎን ስልክ ደውላችሁ ድምፃችሁን ብትሰሙ ደስ ይላል፣ ነገር ግን የስልኩ ድምፅ ዘግይቶ ስለሚመጣ ከእርሱ ጋር ምት ለማገናኘት አትሞክሩ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ማይክራፎኑን ዘግቶ ሲያልቅ መጨዋወት ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ያገለገለ ዕቃ ከውጭ ላስመጣ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ዋናው ነገር መቀበያው ነው። ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠሩት ገመድ አልባ ጊታሮችና ድራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ አላቸው፤ እርሱ ከጠፋ ጊታሩ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፣ የሌላው መሣሪያ መቀበያም ብዙ ጊዜ አይተካውም። ሻጩ መቀበያውን ከጊታሩ ጋር በፎቶግራፍ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ለኤክስቦክስ 360 የተሠሩት ያለ ተጨማሪ መቀበያ ከማሽኑ ጋር ይገናኛሉ፤ ነገር ግን ከአሜሪካ የሚመጣው የኤክስቦክስ 360 የመብራት ማስተካከያ ለ110 ቮልት አካባቢ የተሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰኩት ይበላሻል። ለኒንቴንዶ ዊ የተሠሩ አንዳንድ ጊታሮች ደግሞ የዊውን መቆጣጠሪያ በሆዳቸው ካልያዙ አይሠሩም። ጨዋታውን በኮምፒውተር ላይ ለመጠቀም ካሰቡ፣ በገመድ የሚሰካ ጊታር ቢያገኙ ከብዙ ድካም ያድንዎታል።

ጥያቄ፦ «በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ የኢትዮጵያ ዜማ አላገኘንም። ተማሪዎቼ በሮክ ሙዚቃ ላይ ያሳዩትን ትጋት በትዝታና በባቲ ላይ ባሳዩ ብዬ እመኛለሁ። የራሳችንን ዜማ ማስገባት ይቻላል? የኛ ምትና ቅኝትስ ለዚህ ይመቻል?» (የሙዚቃ መምህርት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርት፣ ይቻላል፤ ይመቻልም። እንዲያውም አንድ ነገር ላይ የኛ ሙዚቃ ለዚህ መሣሪያ ከተሠራለት ሙዚቃ ይልቅ ይስማማዋል ብለን ስለምናምን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንመልስልዎታለን።

ክሎን ሂሮና ያርግ የተባሉት በኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ነጻ ጨዋታዎች፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ያዘጋጁትን ዜማ ይቀበላሉ። ክሎን ሂሮ ለጊታርና ለድራም ነው፤ ያርግ ድምፃዊንም ይጨምራል። የሚያዘጋጁት ሁለት ነገር ነው፤ የድምፁን ፋይልና የትኛው ቁልፍ በየትኛው ቅጽበት እንደሚወርድ የሚናገረውን የምልክት ፋይል። ለሁለተኛው ሥራ ሙንስክሬፐር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም መጠቀም ይችላሉ።

ከሁሉ በፊት የምት ፍጥነቱን ካርታ ይሥሩ። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ (በየዙሩ ስድስት አጫጭር ምት) ስለሚቆጠር ፕሮግራሙ ውስጥ ያንን መለኪያ ይምረጡ፤ በአራት አራተኛ ላይ በግድ ካስተኙት ምልክቶቹ ሁሉ ከመስመር ውጭ ይወድቃሉ፣ ተማሪውም ዐይኑ የሚያየውና ጆሮው የሚሰማው ይጣሉበታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በሸክላ የወጡት ብዙዎቹ ዜማዎች ባንዱ በአንድነት እየተጫወተ የተቀዱ ስለሆኑ ፍጥነታቸው እየሞቀ ሲሄድ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሰጥቶ ማለፍ አይበቃም፤ በየጥቂት ምቱ እያዳመጡ ካርታውን ማስተካከል ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፣ ግን ይህን ሥራ ለተማሪዎችዎ ቢሰጧቸው ከጨዋታው በላይ ይማሩበታል፤ ዜማን ምት በምት ማዳመጥ ማለት ይኸው ነውና።

አሁን ወደ ቅኝቱ እንምጣ። በምዕራባውያን ዜማ ውስጥ ሰባትና ከዚያ በላይ ድምፆች ስላሉ፣ በአምስት ቁልፍ ላይ ሲያሰፍሩት ያው አረንጓዴ ቁልፍ አንድ ጊዜ አንዱን ድምፅ፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን ይወክላል። ልጁ አረንጓዴውን መቶ ጊዜ ቢጫነው የትኛውን ድምፅ እንደሚያወጣ ጣቱ አያውቅም፤ ጊታሩ ሙዚቃ አያስተምርም ከሚባልባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። የኛ አራቱ ዐበይት ቅኝቶች ግን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። ሙሉ ትዝታን ቢወስዱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ አረንጓዴውን ዶ፣ ቀዩን ሬ፣ ቢጫውን ሚ፣ ሰማያዊውን ሶል፣ ብርቱካናማውን ላ አድርገው ከዜማው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳይለውጡ ማስፈር ይችላሉ። ስድስት ክር ያለው ክራር ላይ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ በሌላ ኦክታቭ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ክሎን ሂሮ ውስጥም ምንም ቁልፍ ሳይጫኑ መምቻውን ብቻ የሚመቱበት ክፍት ምልክት ስላለ ለዚያ ድምፅ ሊያውሉት ይችላሉ።

ይህን ሥርዓት ጠብቀው ካዘጋጁት፣ ተማሪው አንድ ዜማ ተጫውቶ ሲጨርስ የትዝታ ቅኝት አሠፋፈር በጣቶቹ ላይ ይቀራል። በባቲ ሲያዘጋጁ ያው አምስት ቁልፍ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይሆናል፤ ተማሪው ቀለሞቹ ሳይለወጡ የድምፆቹ ርቀት እንዴት እንደተለወጠ በጆሮው ያገኘዋል፣ ቅኝትን ከቅኝት መለየትም ከዚህ ይጀምራል። በዚህ ዝግጅት የሠለጠነ ልጅ ክራር ሲይዝ እንደ አዲስ አይጀምርም። በመላው ዓለም ለሮክ ሙዚቃ የተሸጠው ይህ አምስት ቁልፍ ያለው ጊታር፣ ከሌላው ይልቅ ለኛ ዜማ የድምፅ ብዛት ልክ ሆኖ መገኘቱ ሊያነቃቃን ይገባል፤ እስካሁን በሰፊው ያልተሠራበት መሆኑም ያሳዝነናል።

ለድራሙ፣ ከበሮ ያለበትን ዜማ ሲያዘጋጁ ወፍራሙን የሰፊውን አፍ ድምፅ ለፔዳሉ፣ ቀጭኑን የጠባቡን አፍ ለቀዩ ገበታ ይስጡ፤ ጭብጨባውን በቢጫው ላይ ቢያደርጉት ሦስት ሰው የሚያደርገውን አንድ ልጅ ይይዘዋል። ለድምፃዊው ግን ይጠንቀቁ። ድምፃውያኖቻችን አንድን ፊደል በብዙ ድምፅ እያርገበገቡ ስለሚያዜሙት፣ እያንዳንዷን እርግብግቢት በመስመር ላይ ካሰፈሯት ማንም ሊከተላት አይችልም። ዋናዎቹን ማረፊያ ድምፆች ብቻ አስፍረው፣ በመካከላቸው ያለውን ለዘፋኙ ነጻ ቢተዉለት ለባህሉም ታማኝ ይሆናሉ።

አንድ ችግር ይቀራል። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ጊታሪስቱ ሲስት የጊታሩ ድምፅ ብቻ የሚጠፋው፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቀረጻ ለየብቻ ስላለ ነው። ከላይ እንዳልነው የቀድሞዎቹ ዜማዎቻችን በአንድነት ስለተቀዱ እንዲህ ያለ የተለያየ ቀረጻ የላቸውም። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2019 በነጻ የለቀቀው ስፕሊተርን የመሰሉ ፕሮግራሞች ድምፃዊን፣ ድራምንና ቤዝን ከተቀላቀለ ቀረጻ ለይተው ለማውጣት ይሞክራሉ። የተማሩት በአብዛኛው ከምዕራባውያን ሙዚቃ ስለሆነ ማሲንቆንና ድምፃዊን ሊያምታቱ እንደሚችሉ ይጠብቁ። ከዚህ ይልቅ የትምህርት ቤትዎ ተማሪዎች አንድን የሕዝብ ዜማ ራሳቸው ተጫውተው፣ ክራሩን፣ ከበሮውንና ድምፁን በስልክም ቢሆን ለየብቻ እየቀዱ ቢያዘጋጁት ቀረጻው ንጹሕ ይሆናል።

እንዲህ ማድረጉ በሕግ በኩልም ይጠቅምዎታል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የዜማው ደራሲ፣ የግጥሙ ደራሲ፣ ከዋኙና የቀረጻው አዘጋጅ እያንዳንዳቸው መብት አላቸው፤ በገበያ ላይ ያለን ዘፈን ከምልክት ፋይሉ ጋር አድርጎ ለሌሎች ማከፋፈል የእነርሱን ፈቃድ ይጠይቃል። የራስዎን የምልክት ፋይል ብቻ ለሌሎች ሰጥተው ዘፈኑን እያንዳንዱ ሰው ከገዛው ቅጂ እንዲያስገባ ማድረግ ቀለል ያለ መንገድ ነው፤ የሕዝብ ዜማን በተማሪዎችዎ ድምፅ ቀድተው ሲያወጡ ደግሞ የቀረጻው ባለቤቶች ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ለመጀመሪያው ሥራ ዝግ ያለ፣ ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ በሙሉ ትዝታ የተዜመ ነገር ይምረጡ። ለጀማሪዎች የሚሆነውን ቀላል ደረጃ ሲያዘጋጁም እንደ ምዕራባውያኑ ወደ ሦስት ቁልፍ ከመቀነስ ይልቅ፣ አምስቱንም ቁልፎች እንዳሉ ትተው የምቶቹን ብዛት ይቀንሱ፤ ቁልፍ ከቀነሱ ቅኝቱ ይጎድላልና።